ገመዱ ይቆይ፦ ለዓመታት የተቀመጠ የጀልባ ሞተር እንዴት ይነሳል?

አጎቴ የባሕር ዳር ሰው ነው። ልጆቹን ያሳደገው ጣና ላይ ቱሪስት ወደ ገዳማቱ እያመላለሰ ነው። ኮቪድ ሲመጣ ጀልባዋን ከውሃ አወጣት። ሞተሩን ነቅሎ ጓሮ ካለችው መጋዘን ውስጥ፣ ከበቆሎ ጆንያ ጎን አስደገፈው። "ለሁለት ሦስት ወር ነው" ብሎ ነበር። ኮቪዱ ጋብ ሲል ጦርነቱ መጣ። ቱሪስቱም በዚያው ቀረ። ሁለት ሦስት ወር የተባለው አራት ዓመት ሆነ።

ልጠይቀው በሄድኩበት ሰሞን ሞተሩን እናስነሳው ተባባልን። አቧራውን አራግፈን ጠንካራ እንጨት ላይ አሰርነው። ያኔ ሁለታችንንም ያማረን አንድ ነገር ነው። ገመዱን መሳብ። አንዴ ብቻ፣ "እስቲ ነፍስ አለው ወይ" ለማለት ያህል። እጄ እጀታው ላይ ደርሷል። ያስቆሙኝ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ያዩን የሰፈሩ የጀልባ መካኒክ ናቸው።

"ተው! እጅህን አንሳ!" አሉ። "ውሃ የለ፣ ቅባት የለ፣ ምኑን ነው የምትስበው?"

ጋሼ ነው የምላቸው። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ካንዴላ፣ ማለትም ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የምታቀጣጥለውን ዕቃ፣ አቀበልኩ። ዘይት ተደፋብኝ። ተሰደብኩም። እዚህ የምጽፈው ያኔ ያየሁትንና በኋላ እያነበብኩ የገባኝን ነው። የአጎቴ ሞተር 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ቱ ስትሮክ ያማሃ ነው። ሌላ ዓይነት ያላችሁም ብዙው ነገር አንድ ነው።

ያልሠራ ማሽን ምን ይነካዋል?

መጀመሪያ የገረመኝ ይሄ ነበር። መኪና ቢሆን ነድተነው ደከመ እንላለን። ተቀምጦ የነበረ ሞተር ምን ሆነ ይባላል?

አሠራሩን ካየን ነገሩ ይገባናል። የጀልባ ሞተር ቅርጹ ከመቶ ዓመት በላይ ብዙም አልተለወጠም። ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ኦሌ ኤቪንሩድ እ.ኤ.አ. በ1909 ሚልዋኪ ላይ ለገበያ ያቀረበው ሞተር 1.5 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። ግን አካሉ የዛሬው ነው። ላይ ሞተሩ፣ መሃል ቀጥ ብሎ የሚወርድ ዘንግ፣ ታች ኃይሉን ወደ ጎን የሚያዞር ማርሽና ፕሮፔለር። በዘንጉ ላይ ደግሞ አንዲት የውሃ ፓምፕ አለች። ከሐይቁ ውሃ እየሳበች ወደ ላይ ትልካለች። ውሃው ሞተሩን አቀዝቅዞ ተመልሶ ሐይቅ ይገባል። መኪና ራዲያተር አለው፤ የጀልባ ሞተር ራዲያተሩ ሐይቁ ራሱ ነው።

እንግዲህ ይህ ነገር አራት ዓመት ሲቆም ሦስት ቦታ ላይ ይጎዳል። ጎማው፣ ቤንዚኑና ቅባቱ።

የፓምፗ ልብ ኢምፔለር የምትባል ክንፍ ያላት ጎማ ናት። ክንፎቿ ቤቷ ውስጥ ጎንበስ ብለው ነው የሚቀመጡት። ስትዞር ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ። ለዓመታት ሳትዞር ስትቀር ክንፎቿ እንደታጠፉ ይደርቃሉ። በዚህ ላይ ይህቺ ጎማ የምትለሰልሰው በውሃ ብቻ ነው። ደረቅ ሆና ጥቂት ሰከንድ በፍጥነት ከዞረች ተቃጥላ ትቀደዳለች። ጋሼ የጮኹብኝ አንድም ለዚህ ነው። ገመዱን ብስብና ሞተሩ ድንገት ቢነሳ፣ ከሁሉ ርካሹ ጎማ ከሁሉ ውዱን ብረት ይዞ ይሄድ ነበር።

ቤንዚን ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው። ቀላሉ ክፍል ይተንና ቀሪው ቀስ በቀስ ወደ ሙጫ ይለወጣል። ይህ ዓመታት አይፈልግም። ጥቂት ወራት ይበቁታል። ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎች የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ናቸው። ትንሽ ሙጫ ትደፍናቸዋለች። ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ሲሆን ይብሳል። ኢታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል። ውሃው ሲበዛ ሁለቱ ተያይዘው ከቤንዚኑ ይለያሉና ታንኩ ሥር ይዘቅጣሉ። ነዳጁ የሚሳበው ደግሞ ከዚያው ከሥር ነው። አሜሪካ ማደያ ላይ የሚቀዳው ቤንዚን አብዛኛው 10 በመቶ ኢታኖል አለበት። እኛም አገር ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የወጣ ኢታኖል ቤንዚን ውስጥ እየተቀላቀለ የተሸጠበት ጊዜ ነበር።

ሦስተኛው አይታይም። ቱ ስትሮክ ሞተር እንደ መኪና ሆዱ ውስጥ የተጠራቀመ ዘይት የለውም። ቅባቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ከተቀላቀለው ዘይት ነው። ሞተሩ ሲቆም ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የቀረው ስስ ቅባት በጊዜ ብዛት ይወርዳል። ብረት ራቁቱን ይቀራል። እርጥበት ካገኘው ይዝጋል። የፒስተኑ ቀለበት ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል። በዚህ ሁኔታ በገመድ ጎትቶ ማስለቀቅ ሲሊንደሩን በምላጭ እንደመፋቅ ነው።

በእጅ፣ ቀስ ብሎ

ጋሼ ኮፈኑን አነሱ። ከሥሩ የአይጥ ጎጆ ወጣ። የበቆሎ ቅርፊት፣ የጆንያ ክር፣ የተቦጨቀ ስፖንጅ። አጎቴ አፈረ። እሳቸው ግን ጎጆውን ትተው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እየተከተሉ ማየት ጀመሩ። አይጥ የሽቦ ልብስ ትወዳለች። አንዱ ላይ ጥርሷን አሳርፋ ነበር። በፕላስተር ተጠቀለለ።

ቀጥሎ ሁለቱን ካንዴላዎች ፈቱ። በየቀዳዳው ላምባና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል ቀላቅለው አንድ አንድ ማንኪያ አፈሰሱ። ከዚያ "በቃ፣ ነገ" ብለው ሄዱ።

በቃ፣ ነገ! እኛ ለአራት ዓመት ትዕግሥት ነበረን። ለአንድ ሌሊት ግን አጣን።

በማግስቱ ላይ ያለውን ትልቅ ጎማ መሳይ ብረት፣ ቮላኖውን፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ከላይ ሲታይ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ገፋ አደረጉት። መጀመሪያ እምቢ አለ። ከዚያ ተንሸራተተ። ካልተንቀሳቀሰ ምን ይደረጋል አልኳቸው። እንደገና ዘይት ጨምሮ መጠበቅ ነው አሉ። ሦስት ቀን፣ ሳምንት፣ ከዚያም በላይ። በየቀኑ ትንሽ እየነቀነቁ። መዶሻ ወይም ረጅም ብረት ማምጣት ግን አይሆንም። ወደ ግራ ማዞርም አይሆንም፤ የደረቀው ኢምፔለር ክንፉ ወደ ኋላ ሲገፋ ይሰበራል።

ካንዴላ ከተፈታ አይቀር ኮምፕረሽን፣ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት፣ መለካት ጥሩ ነው። መለኪያው ያለው መካኒክ ጋር ሄዳችሁ አስለኩ። ብዙዎቹ ቱ ስትሮክ የጀልባ ሞተሮች በግፊት መለኪያው ከ90 እስከ 120 ፒ ኤስ አይ ባለው ውስጥ ያሳያሉ። ከቁጥሩ ይልቅ የሲሊንደሮቹ መቀራረብ ነው ቁም ነገሩ። ልዩነታቸው ከ10 በመቶ ካለፈ ውስጥ የተጎዳ ነገር አለ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይሻላል። አሮጌ ሞተር ከሰው ጋራዥ በርካሽ ልትገዙ ያሰባችሁም ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን አስለኩ። ከቀለሙም ከስሙም የበለጠ ትናገራለች። ስሙን ካነሳን ደግሞ፣ በኦሌ ኤቪንሩድ ስም የሚጠራው ሞተር እ.ኤ.አ. በ2020 መመረቱ ቆሟል። ስለ መለዋወጫም ቀድሞ መጠየቅ ነው።

ማኪያቶ

የታችኛው እግር፣ ማርሹ ያለበት ክፍል፣ የራሱ ዘይት አለው። መካኒኮች 90 ቁጥር ይሉታል። ሁለት ብሎኖች አሉ። አንዱ ታች፣ አንዱ ላይ። ታችኛውን ፈቶ ዕቃ መደቀን፣ ከዚያ አየር እንዲገባ ላይኛውን መፍታት ነው።

የሚወጣውን ዘይት ተመልከቱት። ጠቁሮ ከወጣ አርጅቷል እንጂ ምንም አይደለም። ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ግን ውሃ ገብቶበታል። የአጎቴ ንጹሕ ማኪያቶ ነበር።

ጋሼ አልተገረሙም። ፕሮፔለሩን ፈቱት። ዘንጉ ላይ የዓሣ መረብ ክር ተጠምጥሞ፣ ተጠምጥሞ፣ ከሙቀቱ የተነሳ እንደ ፕላስቲክ ቀለበት ሆኗል። ጣና ላይ መረብ ባለበት ሁሉ የሚገጥም ነገር ነው። ክሩ ወደ ውስጥ እየገባ የዘንጉን የጎማ ማኅተም ይቆርጠዋል። በዚያ በኩል ውሃ ይገባል። ማኅተሙ ተቀየረ። እዚህ ላይ አንድ ምክር ልስጥ። ፕሮፔለሩን በየጊዜው ፈትቶ ክር አለ ወይ ብሎ ማየት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ውሃ የገባው ማርሽ ግን ሲዝግ ድምፅ አይሰጥም። በረዶ አገር ላላችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በክረምት ያ ውሃ ሲረጋ የእግሩን ብረት ሊሰነጥቀው ይችላል።

አዲሱ ዘይት የሚሞላው ከታች ወደ ላይ ነው። ግራ ይመስላል፣ ግን ልክ ነው። ከላይ ብታፈሱ አየር ታፍኖ ይቀርና የሞላ ይመስላችኋል። ከታች በፓምፕ እየተገፋ ከላይኛው ቀዳዳ ሲፈስ፣ መጀመሪያ ላይኛው ብሎን ይታሰራል። ከዚያ ቶሎ ብሎ ታችኛው።

ከሁሉ የረከሰችው ጎማ

የውሃ ፓምፗ ላይ ጊዜ እወስዳለሁ። ሰው የሚዘላት እሷን ነውና።

እሷን ለማግኘት እግሩ ከላይኛው አካል መለየት አለበት። የማርሽ መለወጫው ዘንግ ይላቀቃል፣ ዙሪያውን ያሉት ጥቂት ብሎኖች ይፈታሉ፣ እግሩ ወደ ታች ይወጣል። ብሎኖቹ ዝገው ከያዙ ቁልፉን ይዞ መታገል ራሱን ብሎኑን መቁረጥ ነው። ማሞቅና ዘይት ማጠጣት፣ ቀስ ብሎ ወዲያ ወዲህ ማለት። የፓምፑ ክዳን ሲነሳ ኢምፔለሯ ትታያለች። ከዘንጉ ጋር የምትያያዘው ግማሽ ጨረቃ በመሰለች ትንሽ ብረት ነው። ያቺ ብረት ሳር ውስጥ ከወደቀች ቀኑን ሙሉ ትፈልጓታላችሁ። ከሥር ጨርቅ አንጥፉ።

የአጎቴ ኢምፔለር ከስድስት ክንፎቿ ሦስቱ ወደ አንድ ወገን ጎብጠው ደርቀዋል። አንደኛዋ ጭራሽ የለችም። አጎቴ "በቃ አዲስ እንግዛ" አለ። ጋሼ ደግሞ "የጎደለችዋስ የት ሄደች?" አሉ።

ይህን ጥያቄ እኔ አልጠይቅም ነበር። የተቆረጠው ክንፍ ወደ ላይ ተገፍቶ የውሃው መተላለፊያ ውስጥ ነው ያለው። እሱን ትቶ አዲስ ኢምፔለር ማስገባት የተደፈነ ቧንቧ ላይ አዲስ ፓምፕ መትከል ነው። በቀጭን ሽቦ እየፈለጉ፣ በውሃ ጎማ ከላይ ወደ ታች እየገፉ አወጡት። የጥፍር ያህል ጥቁር ጎማ ነው። አብሮት የደረቀ የእምቦጭ ሥርና ጭቃ ወጣ።

አዲሷ ስትገባ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ክዳኑን እየገፋችሁ ዘንጉን ወደ ሰዓት አቅጣጫ አዙሩት፤ ክንፎቹ ወደ ትክክለኛው ወገን ይታጠፋሉ። ደግሞም የዘንጉ ጥርሶች ጎን ላይ ግሪስ ይቀባል፣ አናቱ ላይ ግን አይቀባም። አናቱ ላይ ግሪስ ካለ ታፍኖ ዘንጉ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ያግደዋል። ብሎኑን በግድ ስታጠብቁት አንድ ነገር ይሰበራል።

ከኋላ በኩል ማሳያ የምትሆን ትንሽ ቀዳዳ አለች። ሞተሩ ሲሠራ በእሷ ቀጭን ውሃ ይወጣል። ውሃው ወደ ላይ መድረሱ የሚታወቀው በዚህ ነው። አጎቴ "ይሸናል" ነው የሚለው፣ ሌላ ቃል የለውም። ተርብ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ የጭቃ ቤት መሥራት ትወዳለችና በቀጭን ሽቦ ጥረጓት።

እሳት

የእሳቱ ፈተና ቀላል ነው። ካንዴላውን ከኬብሉ ጋር አገናኝቶ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር በደንብ ማስነካት፣ መጠነኛ ጥላ ውስጥ ሆኖ ገመዱን መሳብ። አዎ፣ እዚህ ላይ ገመድ ይሳባል። እግሩ ግን በርሜል ውሃ ውስጥ ተነክሮ፣ ሲሊንደሩም ዘይት ጠጥቶ ነው። ሰማያዊ ብልጭታ ጠቅ እያለ መዝለል አለበት። ቢጫና ደካማ ከሆነ ካንዴላው ወይም ኬብሉ አርጅቷል። ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ካንዴላውን ከቀዳዳው አርቁት። ፍንዳታ ሊመጣ ይችላል።

የእኛ ምንም አልነበረውም። ቢጫም ሰማያዊም የለ። ጋሼ ምሳ ሊበሉ ሄደው ነበር። እኔና አጎቴ "እናሳያቸው" ብለን ገባንበት። አዲስ ካንዴላ ቀየርን። የለም። የሽቦውን ግንኙነት ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግን። የለም። አጎቴ ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠው ቦቢና ሞቷል ብሎ ፈረደ። ስልክ አንስቶ ዋጋ መጠየቅ ጀመረ።

ጋሼ ሲመለሱ ሞተሩን አላዩትም። አጎቴን ነው ያዩት። "ቀይዋ ገመድስ?" አሉ።

ነጂው እጁ ላይ የሚያስራት፣ ከጀልባ ቢወድቅ ሞተሩን የምታጠፋ ገመድ አለች። መያዣዋ ከቦታዋ ከሌለች ሞተሩ እሳት አይሰጥም። የአጎቴ ቀይ ገመድ አራት ዓመት ሙሉ ማዕድ ቤት ሚስማር ላይ፣ ከወንፊቱ ጎን ተሰቅላ ነበር። ባለቤቱ ሄደው አመጡልን። ከነወንፊቱ ሽታ።

በጣም አሮጌ ሞተሮች ላይ ቮላኖው ሥር ፑንቲና አለ፤ የሚገናኙና የሚለያዩ ሁለት ትናንሽ ብረቶች ናቸው። በመቀመጥ ብዛት ላያቸው ላይ ዝገት ይይዛሉ። በስስ ብርጭቆ ወረቀት አንዴ ሁለቴ ይጠረጋሉ። የቅርቦቹ ሞተሮች ይህ የላቸውም።

ነዳጅ

ከታንኩ እስከ ሲሊንደሩ ያለውን መንገድ ሁሉ አሮጌ ነው ብላችሁ ተነሱ። የቆየው ቤንዚን ይወጣል። ሐይቅ ዳር አይደፋም። ጣና እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ነው። ምዝገባው ባይኖርም ዓሣው የሚበላው እኛው ነን። አጎቴ አሮጌውን በጀሪካን ይዞ ጋራዥ ሰጠው፣ ዕቃ ያጥቡበታል።

የነዳጁ ጎማ ቱቦ ሲታጠፍ ከተሰነጠቀ ይቀየር። መሃሉ ላይ በእጅ የምትጨመቅ የጎማ ኳስ አለች። ላይዋ ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ መጠቆም አለበት። ስትጨመቅ ጠንክራ መቆም አለባት። ካልጠነከረች አንድ ቦታ አየር እየገባ ነው።

ካርቡራተሩን ለመፍታት ጋሼ መጀመሪያ ስልኬን ነው የጠየቁኝ። "ፎቶ አንሳ" አሉ። እያንዳንዱ ዘንግ፣ እያንዳንዱ ቱቦ ከመነቀሉ በፊት ፎቶ ተነሳ። ከዚያ ቤንዚን የምትይዘውን የታችኛዋን ጽዋ በካቻቢቴ ፈቱ። ውስጧ ጠብታ ቤንዚን የለም። ሥሯ ላይ የረጋ ማር የመሰለ ነገር ተለጥፏል። ሽታው የቫርኒሽ ነው። ጄት የሚባሉት ትናንሽ የነሐስ ብሎኖች ተፈተው ማጠቢያ ፈሳሽ ውስጥ አደሩ። ጠዋት በኮምፕሬሰር ተነፉ። ጋሼ እያንዳንዱን ወደ ፀሐይ አንስተው በአንድ ዓይናቸው አዩበት። ብርሃኑ ክብ ሆኖ ከታየ ነጽቷል። ጨረቃ መስሎ ከታየ ተመልሶ ይታጠባል።

ሽቦ አታስገቡ። ነሐስ ለስላሳ ነው። ቀዳዳው በጸጉር ያህል ከሰፋ ሞተሩ ዕድሜ ልኩን ነዳጅ ይበላል። የጽዋዋ ጓርኒሲዮንና የተንሳፋፊው መርፌ አዲስ ቢሆኑ ይመረጣል።

አሁን ቅልቅሉ። ለብዙዎቹ ቱ ስትሮክ 50 ለ1 ነው፤ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት። ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ይሆናል፣ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሳትሞላ ማለት ነው። ከረጅም ዕረፍት በኋላ ለመጀመሪያው ታንክ እጥፉን ማድረግ፣ 25 ለ1፣ የተለመደ ነው። ያጨሳል፤ ይጨስ። አንዳንድ የጥንት ሞተር ግን ሁልጊዜም ከዚህ የወፈረ ይፈልጋልና መጽሐፉን ወይም አካሉ ላይ የተለጠፈውን እዩ። ዘይቱ ቲሲ ደብሊው 3 የሚል የተጻፈበት፣ ለጀልባ የተሠራ ይሁን። የመኪና ዘይት ሲቃጠል አመድ ይተዋል፣ ካንዴላና ፒስተን ላይ ይጋገራል። ፎር ስትሮክ ያላችሁ ይህን ሁሉ እርሱት። የእናንተ ዘይት ለብቻው ነው፣ አሮጌውን ከነፊልትሮው ቀይሩት።

በርሜል ውስጥ

ሦስተኛው ቀን ደረሰ። ሁለት መቶ ሊትር የሚይዝ በርሜል ከግማሽ በላይ ውሃ ተሞላ። ፕሮፔለሩ ተፈታ፤ በርሜል ውስጥ ከዞረ ውሃውንም ሰውንም ይበትናል። እግሩ ተነከረ። ውሃው ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችውን ሰፊ ሰሌዳ አንድ ስንዝር ያህል አልፏል። ቦታው ግቢ ነው እንጂ መጋዘን ውስጥ አይደለም። ጭሱ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል።

ማርሹ ገለልተኛ ላይ። የታንኩ መተንፈሻ ተከፈተ። ኳሷ ተጨመቀች፣ ጠነከረች። ለማስነሻ አየሩን የሚቀንሰው ቾክ ወጣ። ቀይዋ ገመድ ቦታዋ ላይ ናት፣ ሁለት ጊዜ አየናት። ጋሼ ወደ ኋላ ዞረው ክርናቸው የሚመታው ሰው አለመኖሩን አዩ። ከዚያ ገመዱን ለኔ ሰጡኝ።

ገመዱ ድንገት አይመነጨቅም። ጥርሱ እስኪነክስ ቀስ ብሎ ይሳባል፣ ከዚያ ነው ፈጠን ማለት። አንድ። ምንም። ሁለት። ምንም። ሦስተኛው ላይ ሳል አለ። "ቾኩን መልስ" አሉ። አራተኛው ላይ ተነሳ። ግቢው በሰማያዊ ጭስ ተሞላ። የጎረቤት ልጆች አጥር ላይ ወጡ።

ማንም ስለ ድምፁ አልተናገረም። ሦስታችንም ዓይናችን ከኋላዋ ቀዳዳ ላይ ነው። አምስት ሰከንድ። አሥር ሰከንድ። ጋሼ እጃቸው ማጥፊያው ላይ ነው። ከዚያ ጭቃማ ውሃ ተፋች፣ ቀጥላም ጠራች።

"ሸና!" አለ አጎቴ።

ውሃው ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ካልወጣ አጥፉት። ሲሊንደሩን በእጅ ንኩት። ለአፍታ መያዝ የማይቻል ከሆነ ከሚገባው በላይ ሞቋል። እኛ አሥር ደቂቃ አሠራነው፤ አጥፍተን የበርሜሉን ውሃ ቀይረን ደገምነው።

ሐይቁ ላይ

በማግስቱ ጠዋት ወጣን። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳልና ሙከራ የጠዋት ሥራ ነው። ጋሼ መቅዘፊያ ካልጫናችሁ አልሄድም አሉ። ዘጌ ድረስ እንሂድ ያለውን አጎቴን ሰምተው እንዳልሰሙ አለፉት። ዳር ዳሩን፣ በግማሽ ፍጥነት።

አምስት ደቂቃ እንደሄድን ሞተሩ ደከመና ጠፋ። ሲነሳ ይነሳል፣ ተመልሶ ይጠፋል። አጎቴ "ካርቡራተሩ አልጸዳም" አለ፣ ትንሽም ተቆጣ። ጋሼ የታንኩን ክዳን መተንፈሻ ብሎን በሁለት ጣት ዞር አደረጉት። ታንኩ ፍስስስ ብሎ አየር ሳበ። ስንጭነው እንዳይፈስ ብሎ የዘጋው አጎቴ ራሱ ነው። መተንፈሻው ሲዘጋ ነዳጁ በወጣ ቁጥር ታንኩ ባዶ ይስባል፣ በመጨረሻ ቤንዚኑ አልወጣም ይላል።

ሌላም ነገር ነበር። በኋላ በሙሉ ፍጥነት ስንሞክራት ጀልባዋ የተባለላትን ያህል አትሄድም። ይህ ግን በሽታ አይደለም። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ነው። በግምት በየ100 ሜትሩ ከሞተር ጉልበት አንድ በመቶ ይቀንሳል። አርባ ፈረስ ተብሎ የተገዛው እዚህ ሠላሳ ሦስት ገደማ ነው። ፋብሪካው የገጠመው ጄትም ለባሕር ጠለል አየር ተለክቶ ስለሆነ እዚህ ነዳጁ ይበዛል፣ ካንዴላው ቶሎ ይጠቁራል። ባለሙያ አነስ ያለ ጄት ቢገጥምለት ይሻለዋል። ሐዋሳም ዝዋይም ያላችሁ ያው ናችሁ።

አሁን ሥራ ባይኖርም በሁለት ሳምንቱ አንድ ቀን በርሜሉ ውስጥ ይነሳል። አጎቴ ሲያቆመው መጀመሪያ የነዳጁን ቱቦ ነቅሎ ጽዋዋ ውስጥ ያለው ቤንዚን አልቆ ራሱ እስኪጠፋ ይተወዋል። ከዚያ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ ቢያጋድመው እግሩ ውስጥ የቀረው ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ሊሄድ ይችላል። ቀይዋን ገመድ ሞተሩ እጀታ ላይ አስሯታል። ማዕድ ቤት ያለው ሚስማር ላይ አሁን የተሰቀለው ወንፊቱ ብቻ ነው።